ምጣዱን ሳይቆጥሩ ከመስመር መላቀቅ፦ ስለ ቤት ኃይል ለተጻፈ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ያየሁት አንድ ጽሑፍ፣ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመብራት መስመር ተላቆ በራሱ ኃይል መኖር እንደሚችል ያትታል። ጸሐፊው የሚሰጡት ምክር በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ አምፖል ማጥፋትና ቻርጀር መንቀል የወጪውን ዋና ክፍል ያስቀራል፤ ምጣድና ስቶቭ ተትተው ወደ ከሰልና ቡታ ጋዝ ቢመለሱ ይረክሳል፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ «ኃይል ቆጣቢ» ዕቃ ቢገዛ የቆጣሪው ንባብ በሩብ ይቀንሳል፤ ጣሪያ ላይ 2 የፀሐይ ፓኔሎች ከ1 ባትሪ ጋር ቢተከሉ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ራሱን ይችላል፤ ይህ እስኪሟላ ድረስ ደግሞ የዓባይ ግድብ ስለተመረቀ ስለ መጠንና ስለ ሰዓት መጨነቅ ቀርቷል። በመጨረሻም ይኸው አካሄድ በገጠርም «ያለ ለውጥ» እንደሚሠራ ይጨምራሉ።

የጽሑፉ መነሻ ቅሬታ የሁላችንም ነው። መብራት በበዓል ዋዜማ መጥፋቱ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ወጥ መበላሸቱ፣ የተሞላው ካርድ ሳይታሰብ ማለቁ፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ መሄዱ ማንንም ሰው ስለ ቤቱ ኃይል እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ጸሐፊውም ጉዳዩን ማንሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። የማልስማማው በስሌቱ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በቤታችን ውስጥ የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ አንድም ጊዜ በቁጥር ሳያሳይ መፍትሔ ይደረድራል። እኔ እንደሚገባኝ በከተማ ቤታችን ኃይል ማለት በዋናነት ሙቀት ነው፤ የሚጋገር፣ የሚቀቀልና የሚሞቅ ነገር ነው። ይህን ሙቀት ሳይነኩ ስለ ቁጠባም ሆነ ስለ ራስን መቻል መናገር አይቻልም፤ የጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ የሚወድቁትም በዚሁ ላይ ነው።

ከአምፖልና ከቻርጀር እንጀምር። ስልክ ሳይሰካበት ሶኬት ላይ የተተወ ዘመናዊ ቻርጀር ቢበዛ ግማሽ ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፣ ወሩን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይነቀል ቢቆይ የሚቆጥረው 0.36 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው (1 ኪሎ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈጀው 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል)። በየቤቱ የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ ስለሆነ ይህ የአንድ ወር የቻርጀር ፍጆታ ከምጣዱ የ6 ደቂቃ ሥራ አይበልጥም። አምፖሉም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 9 ዋት የሆኑ 6 የኤልኢዲ አምፖሎች በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢበሩ በወር 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናሉ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በነበረበት ዘመን ያው ምሽት በወር 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ያኔ የጸሐፊው ምክር ትልቅ ምክር ይሆን ነበር። አሁን ግን አብዛኛው የከተማ ቤት ያንን ለውጥ አልፎታል።

በነገራችን ላይ የአምፖሉ ታሪክ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ የሚጠቅማቸው ትምህርት ነበረው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ ሲያድል፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 350,000 ያህል አምፖሎች ተቀይረዋል። ከፍተኛ ፍላጎት በሚኖርበት የምሽት ሰዓት ላይ የታየው ቅናሽ እውነተኛ ነበር። ሆኖም በኋላ የተደረገው ግምገማ ከቁጠባው ከፊሉ በ18 ወራት ውስጥ እንደጠፋ አሳይቷል። ዕቃ ማደል ወይም መግዛት ብቻውን ቁጠባን አያዘልቅም፤ ጸሐፊው ግን ስድስቱን ምክሮቻቸውን ያቆሙት ከሞላ ጎደል በሚገዛ ዕቃ ላይ ነው።

አሁን ሙቀቱን እንቁጠር። 30 እንጀራ የሚጋግር ቤት ምጣዱ እስኪግል 15 ደቂቃ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ እንጀራ ከመጋገሪያውና ምጣዱ መልሶ እስኪግል ከሚጠበቀው ጊዜ ጋር 3 ደቂቃ ተኩል ቢወስድበት፣ ሥራው 2 ሰዓት ይፈጃል። በ3.8 ኪሎ ዋት ሲሰላ ወደ 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋገር ወሩ ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። 1.5 ኪሎ ዋት የሆነ ስቶቭ ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 50 ሊትር ውኃ የሚይዝ ቦይለር ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ አንድ ጊዜ ለማሞቅ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ በየቀኑ የሚጠቀምበት ቤት ከ70 በላይ ይጨምራል። ፍሪጅን 40፣ ቴሌቪዥንን 12፣ አምፖልን 8 ብለን ብንደምር እንኳ ከጠቅላላው ከሦስት አራተኛ የሚበልጠው ሙቀት ነው። ቤት ከቤት ይለያያል፤ የሚፈልግ አንባቢ የራሱን ቤት ሰዓትና ዋት አስገብቶ ቢያሰላው ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ እንደማይለወጥ ያያል። ጸሐፊው ቦይለርን አንድም ጊዜ አለማንሣታቸው ደግሞ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ምጣዱን ይመለከታል፤ ችግሩ ሲጋገር የሚበላው ኃይል ከሆነ መፍትሔው ምጣዱን ማስወገድ ነው ይላሉ። ከመነቀሉ በፊት ግን ስለ ምጣዱ ማወቅ የሚገባን ብዙ ነገር አለ፤ እሱንም በደንብ የሚያውቁት የሚጋግሩት ሴቶች ናቸው። በብዙ ቤት ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ምጣድ አጠገብ አይቆምም፤ ምጣድ አጠገብ የምትቆመው ደግሞ ሒሳቡን አታይም። ጽሑፉም የተጻፈው ለከፋዩ ብቻ ይመስላል።

ከሸክላው ሥር በተቀረጸው ቦይ ውስጥ የሚጋደመው ሽቦ ሲበጠስ ጠጋኙ ብዙውን ጊዜ የተቃጠለውን ቆርጦ ያወጣና ጫፎቹን አጠማዝዞ ያገናኛቸዋል። ምጣዱ ይሠራል፤ ከበፊቱም ይልቅ ቶሎ ይግላል፤ ባለቤቷም ደስ ይላታል። ነገር ግን የሽቦው ርዝመት በአንድ አሥረኛ ባጠረ ቁጥር ተቃውሞው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 3.8 ኪሎ ዋት የነበረው ምጣድ ከ4.2 በላይ መሳብ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠገነ ምጣድ ስፒናው ጠቁሮ፣ የሶኬቱ ላስቲክ ቀልጦ፣ ብሬከሩ በየመሐሉ እየወረደ ሲያስቸግር የምናየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ለ3.8 ኪሎ ዋት እንኳ ከ17 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ ይህን በተራ ዲቫይደር ላይ መሰካት ከኃይል ብክነቱ በፊት የእሳት አደጋ ነው። ሽቦውን በትክክለኛው ርዝመት ማስቀየርና ለምጣዱ ብቻ ወፈር ያለ መስመር ማዘርጋት ከፓኔል ግዢ ቀድሞ መምጣት ያለበት ወጪ ነው።

የሚጋገርበት ሰዓትም እንዲሁ። ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ምሽት ላይ ኃይሉ ደክሞ 220 ቮልት መሆን የሚገባው 180 ሲደርስ፣ ምጣዱ ከሙሉ ጉልበቱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ፣ ማለትም 2.5 ኪሎ ዋት ያህል ያገኛል። ያን ጊዜ የሚሳበው ኃይል ስለቀነሰ ቁጠባ የሆነ ሊመስል ይችላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሸክላው ለመጋል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ በጎንና በሥር ሙቀት ያመልጠዋል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ተበላሽቶ የሚጣለው ይበዛል። በማለዳ ወይም ከቀትር በኋላ የምትጋግር ሴት በአንድ እንጀራ የምታወጣው ኃይል ምሽት ላይ ከምትጋግረው ያነሰ ነው። ታሪፉ ለሁለቱም ሰዓት አንድ ቢሆን እንኳ ጥቅሙ አለ።

ሌላው የማሟሟቂያው ጊዜ ነው። ምጣዱ ቀዝቅዞ በተነሣ ቁጥር ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ሊጡን አብዝቶ በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ አክምባሎው ጠርዙ ላይ ክፍተት እንዳይኖረው ማድረግ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ ሸክላው በያዘው ሙቀት ማውጣት፣ አሰሳውን በጎመን ዘር በደንብ አድርጎ እንዳይጣበቅ መከላከል ምንም ዕቃ የማይገዛባቸው ቁጠባዎች ናቸው። እርግጥ በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር መሶብ ውስጥ የሚቆይ እንጀራ ያበዛል፤ በክረምት ደግሞ ሻጋታ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስነው የቤቱ ሰው ቁጥር ነው እንጂ አንድ ሕግ አይደለም።

ስቶቭ ላይም የሚታይ ነገር አለ። ሥሯ ከመዳፍ የማይሰፋ ጀበና በትልቅ የስቶቭ ጥምዝ ላይ ስትቀመጥ ከሙቀቱ የሚበዛው ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ሥሩ የተጎደጎደ ድስትም እንደዚሁ ነው። ባቄላና ሽምብራን አሳድሮ መንከር፣ ድስትን መክደን፣ ቶሎ የማይበስለውን በፕሬዠር መቀቀል የስቶቩን ሰዓት በግልጽ ያሳጥራሉ፤ ለጀበናም ትንሿን ጥምዝ መጠቀም ይቻላል። ጸሐፊው ቻርጀር ለመንቀል አንድ ሙሉ አንቀጽ ሲሰጡ ለድስት ክዳን አንድ ዐረፍተ ነገር አላተረፉም።

ወደ ከሰሉ ልምጣ። ከሰል ይረክሳል የሚለውን በስሜት ሳይሆን በሚዛን እንየው። 1 ኪሎ ደረቅ ከሰል በውስጡ ብዙ ሙቀት ቢኖረውም፣ በተለመደው የከሰል ምድጃ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከአምስት አንድ እጁ ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስቶቭ ደግሞ ከሚስበው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ለድስቱ ያስተላልፋል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ 1 ኪሎ ከሰል የሚተካው 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ነው። አንባቢ በሰፈሩ የሚገዛበትን የ1 ኪሎ ከሰል ዋጋና በራሱ የታሪፍ እርከን የ2.5 ኪሎ ዋት ሰዓትን ዋጋ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ታሪፉ ከፍ ካለ በኋላም ቢሆን መልሱ የቱ ጋ እንደሚያዘነብል ለመገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት ልማዳዊ መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነድዳል። ከተሜው ከሰል ሲገዛ ኃይል አልቆጠበም፤ ፍጆታውን ከቆጣሪው ወደ ሰው አገር ጫካ አዛወረው እንጂ።

የከሰል ጭስ አይታይም፤ አደጋውም በዚሁ ነው። በር ተዘግቶ ከሰል ሲቀጣጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በየክረምቱ ብርድ ለማባረር ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በእሱ ነው። «ከሰል ወደ ቤት መልሱ» ብሎ የሚመክር ጽሑፍ መስኮት ስለመክፈት አንድ ቃል አለማስገባቱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቡታ ጋዙ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ቶሎ ያበስላል፣ መብራት ሲጠፋ ያድናል። ነገር ግን በዶላር ተገዝቶ ከውጭ የሚመጣ ሲሊንደር ላይ መደገፍን ራስን መቻል ብሎ መጥራት ይከብደኛል። መጠባበቂያ ይሁን ቢባል እስማማለሁ። እንጀራ ለመጋገር ደግሞ ከሰሉም ቡታ ጋዙም በተለመደው ቤት የምጣዱን ቦታ አልያዙም፤ ስለዚህ ምጣዱን የነቀለ ቤተሰብ ወይ ወደ እንጨት ይመለሳል፣ ወይ እንጀራ ይገዛል። የሚገዛው እንጀራም የተጋገረው በሌላ ሰው ምጣድ ነው።

«ኃይል ቆጣቢ» ስለተባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ብዙ አልናገርም። እነዚህ ሣጥኖች ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ ይዞ የሚመልስ ትንሽ ዕቃ) እና የምታበራ ትንሽ መብራት ነው። ካፓሲተር ትልልቅ ሞተር ባላቸው ፋብሪካዎች ውስጥ በአግባቡ ተሰልቶ ሲገባ ጥቅም አለው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ግን በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለውን ኃይል ነው፤ ምጣድ፣ ስቶቭና ቦይለር ደግሞ ካፓሲተሩ የሚያርመው ነገር የሌላቸው ተራ ማሞቂያዎች ናቸው። በሩብ የሚቀንስ ነገር የለም። መጠራጠር የሚፈልግ ሰው ምጣዱን ብቻውን ሰክቶ፣ ሣጥኑ ባለበትና በሌለበት የቆጣሪውን ፍጥነት ቢያይ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጉዳዩ ይዘጋል።

የጽሑፉ ልብ የሆነው አራተኛው ነጥብ ነው፤ 2 ፓኔል፣ 1 ባትሪ፣ ሙሉ ነፃነት። አገራችን የፀሐይ ሀብታም መሆኗ እውነት ነው፤ በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ፀሐይ ያርፍብናል። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ 2 ፓኔሎች በጥሩ የበጋ ቀን ከሙቀት፣ ከአቧራና ከመሣሪያዎቹ ብክነት በኋላ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ከዚህ በእጅጉ ያንሳሉ። ከላይ የቆጠርነው ቤት ግን በቀን በአማካይ ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ ብቻውን 7.5 ይወስዳል። የበጋው ፀሐይ ሁለት ቀን ተኩል ተጠራቅሞ አንድ ቀን ለመጋገር ይበቃል ማለት ነው፤ ያውም ሌላ አንድም ነገር ሳይበራ።

ባትሪውም አይችለውም። በገበያ የተለመደው ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ እንዳይወርድ ስለሚመከር በአግባቡ የሚያገለግለው 1.2 ነው። ለአንድ ጊዜ ጋገራ 7 ባትሪዎች ሊያስፈልጉ ነው። ሊቲየም ባትሪ በጥልቀት መውረድን ስለሚችል ቁጥሩን ይቀንሰዋል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት የሚቀይረው ኢንቨርተርም ቢያንስ 5 ኪሎ ዋት መሆን አለበት፤ ጸሐፊው የጠቆሙት ባለ 1 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ምጣድ ሲሰካበት ያን ጊዜውኑ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ምጣድን በፀሐይ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ለሆቴል ወይም ለእንጀራ ጋጋሪ ድርጅት የሚያዋጣበት ሁኔታም ሊኖር ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት ለ4 ሰዓት ሥራ ብቻ ያንን ያህል ገንዘብ ባትሪ ውስጥ ማስተኛት ግን ትክክለኛ ምክር አይመስለኝም።

ታዲያ ፀሐይ ለከተማ ቤት አይጠቅምም እያልሁ ነው? አይደለም፤ እንዲያውም ጸሐፊው ባነሰ ነገር ብዙ ማግኘት ይችሉ ነበር። 6 አምፖል በምሽት፣ ዋይፋይ ቀንና ሌሊት፣ ቴሌቪዥን 5 ሰዓት፣ የቤተሰቡ ስልኮችና አንድ ላፕቶፕ ተደምረው በቀን 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናሉ። 400 ዋት የሆነ 1 ፓኔል በበጋ ይህን ይሸፍናል። መብራት ሲጠፋ ልጅ የሚያጠናበት ብርሃን፣ ከቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ኔትወርክ፣ ለሕመምተኛ አነስተኛ የሕክምና መሣሪያ አለመቋረጡ ራስን መቻል ማለት ነው፤ ምጣዱም መስመር ላይ ይቆያል። ቦይለር ላለው ቤት ደግሞ ከመብራት ፓኔል ቀድሞ መታሰብ ያለበት ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ነው፤ ባትሪ ሳይፈልግ በበጋው ወራት የቦይለሩን ፍጆታ አብዛኛውን ያስቀራል። እሱን መግዛት የማይችል ሰው ቦይለሩን ከመታጠቡ በፊት ከፍቶ ሲጨርስ ቢያጠፋው፣ ውኃው ቀኑን ሙሉ እየቀዘቀዘ ሲሞቅ የሚባክነውን ያድናል።

«ጣሪያህ ላይ ትከል» የሚለው ምክር የራሱ ጣሪያ ያለውን ሰው ብቻ እንደሚመለከትም መዘንጋት አልነበረበትም። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ተከራይ ጣሪያው የእሱ አይደለም፤ ያከራየውም ሰው ብቻውን አያዝበትም። እዚያ የሚሠራው በኅብረት የሚወሰን ነገር ነው። ብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች የጋራ መገልገያ ቤት አላቸው፤ እዚያ ውስጥ ትክክለኛ መስመር የተዘረጋለት ምጣድ ተራ በተራ ሳይቀዘቅዝ ለብዙ ቤት ቢያገለግል፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው የሚያወጣው የማሟሟቂያ ኃይል ይቀራል። ሊጥ ይዞ ተራ መጠበቅን ሁሉም ሰው አይወደውም፤ የሚወዱት ግን ሊሞክሩት ይችላሉ።

አምስተኛው ነጥብ ከአራተኛው ጋር እርስ በርሱ ይጋጫል፤ በአንድ በኩል መስመሩ ስለማያስተማምን ተላቀቁ ይላሉ፣ በሌላ በኩል ግድቡ ስላለቀ እንደ ልብ ተጠቀሙ ይላሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህ የአገሪቱን የኃይል አቅርቦት መሠረት የቀየረ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ 3 ግድብ ውኃ በማነሱ ኃይል በፈረቃ የተዳረሰበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ነገር ግን ግድቡ ባለበት በጉባ የመነጨው ኃይል ወደ ምጣዱ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር (ለምጣድ ሲሆን 315 ኪሎ ዋት ማለት ነው) የሆነ ትራንስፎርመር በሙሉ አቅሙ የሚሸከመው 82 ያህል ምጣዶችን ነው፤ ያውም ሌላ ምንም ነገር ሳይከፈት። በእሱ ላይ 300 ቤት ቢኖር ከሩብ ትንሽ የሚበልጠው አንድ ላይ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ሞልቷል። የበዓል ዋዜማ መብራት የሚጠፋብን ብዙውን ጊዜ ውኃ አንሶ ሳይሆን እንዲህ ባለው መጨናነቅ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በዓል ሲደርስ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ ደጋግሞ የሚጠይቀውም መስመሩን ለማቅለል ነው። ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ከግድቡ በኋላም ትርጉም አለው፤ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ጠዋት የጋገረ ቤት ራሱንም ጎረቤቱንም ከጨለማ ያድናል። ከቁጠባ የሚገኘው ሌላው ጥቅም ደግሞ በታሪፉ አሠራር ውስጥ አለ፤ የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ውድ እርከን ስለሚሸጋገር፣ ከእርከኑ ወሰን አጠገብ ላለ ቤት ጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት መቀነስ ከሚጠበቀው በላይ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል።

ስለ ገጠሩ ጸሐፊው የጻፉት ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ የእኔም መልስ አጭር ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር ራሱ ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር ውጪ በሆነ መንገድ፣ በተለይም በፀሐይ፣ እንዲዳረስ አቅዶ ነበር፤ ለብርሃንና ለስልክ ፀሐይ እዚያ ትክክለኛ መልስ ነው። እንጀራው ግን በእንጨት ነው የሚጋገረው። እዚያ የሚቆጠበው ኃይል የሚለካው በእንጨት ሸክም ነው፤ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ያስቀራል። ባዮጋዝም 4 ከብት፣ በቀን 20 ኪሎ እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ለሚያገኝ ቤት ወጥና ቡና ያበስላል፤ በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ግን ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል ማጋል አስቸጋሪ ነው። ውኃ ከሩቅ የሚቀዳበት መንደር ደግሞ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ቀመሩ «ያለ ለውጥ» አይሠራም።

ጸሐፊው መልስ የሚሰጡበት ከሆነ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በጽሑፋቸው ምሳሌ ያደረጉት ቤት፣ 2 ፓኔሎቹ ከተተከሉ በኋላ ምጣዱ የተሰካው የት እንደሆነ፣ እንዲሁም የአንድ ሳምንት የቆጣሪ ንባብ የተጋገረባቸው ቀናት ተለይተው ቢያቀርቡልን፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ በተጨባጭ ነገር ላይ ሊቀጥል ይችላል።